«የማይታወቅ ፈሳሽ»

ዛሬ ፋርማሲ አንድ አባወራ ከአማቱ ጋር ገብቶ የዱቄት ወተት ጠየቀኝ። ልጁ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። «ጡቷ እምቢ አለ እንዴ?» ስለው አማቱ ቀደሙት፦ «ኧረ ጎርፍ ነው! ወገቧን ነው እንጂ። አጥንቷን ጠብቶ ጨረሳት። እኔስ በየልጁ አንዳንድ ጥርስ ገብሬ አይደል!» ብለው አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የወለዱት አምስት ነው፤ የጎደለው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሒሳቡን ልጠይቃቸው ከጅሎኝ ተውኩት።

የሚያናድደው፣ እማማ ግማሽ እውነት አላቸው። ጥርሱን እርሱት፤ ልጅ ከእናቱ ጥርስ ካልሺየም አይወስድም። የነፍሰ ጡር ጥርስ የሚጎዳው ድዷ ሲቆጣና ትውከቱ በአሲድ ሲያቃጥለው ነው። የአጥንቱ ግን እውነት ነው። ፅንስ እስኪወለድ 30 ግራም ያህል ካልሺየም ያከማቻል፣ አብዛኛውን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። ያኔ የእናትየው አንጀት ከምግብ የሚመጠውን ካልሺየም እጥፍ ስለሚያደርግ አጥንቷ ብዙም አይነካም። ነገር የሚመጣው ማጥባት ሲጀመር ነው። ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ ጡት ራሱ አጥንትን ካልሺየም የሚያስለቅቅ ሆርሞን ያመነጫል፤ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም በወተት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የአከርካሪዋ ማዕድን ከመቶ ከ3 እስከ 10 ሊቀንስ ይችላል። ያረጠች ሴት እንኳ ይህን ያህል ለማጣት ዓመታት ይፈጅባታል።

የካልሺየም ክኒንም አያስቆመውም። (ይህን የምትላችሁ ካልሺየም ሸጣ የምትበላ ሴት ናት። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘውም በዋናነት ለደም ግፊት ነው።)

ስድስት ወር ስል ደሜ ፈላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አጥንትሽ እየቀለጠ ፈርሚና ግቢ! ድሮ የሠራሁበት ቦታ ወተቴን የማልበው መጋዘን ውስጥ፣ በግሉኮስ ካርቶኖች መሀል ነበር። በሩ ቁልፍ ስለሌለው በአንድ እግሬ ደግፌ። አንድ ቀን ወደ ቤት ልሄድ ፍሪጁን ስከፍት ጠርሙሴ የለም። ለካ የዕቃ ቆጠራ ነበር፤ ባልደረባዬ መዝገቡ ላይ የለም ስላለ «የማይታወቅ ፈሳሽ፣ 1 ጠርሙስ» ተብሎ ከሚወገዱት ጋር ተመዝግቦ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተደፍቷል። አከርካሪዬ ነበር እኮ! እስከ ዛሬ ኢንሱሊን ስቆጥር ትዝ ይለኛል።

እሺ፣ ወደ እማማ። ያልነገሯት ነገር አለ፦ አጥንቱ ይመለሳል። ጡት ካቋረጠች በኋላ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ አጥንቷ የለቀቀውን በአብዛኛው መልሶ ይሞላል። ብዙ የወለዱና ብዙ ያጠቡ ሴቶች ሲያረጁ ከሌላው ይበልጥ እንደማይሰበሩ አብዛኞቹ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ «አጥንቴን ጨረሰው» ተብሎ ጎርፍ የሆነ ጡት አይቋረጥም። የወገቡ ሕመምም ብዙውን ጊዜ ልጅ ከመሸከምና ጎብጦ ከማጥባት ነው። ግን ልጁን ብድግ ስታደርግ ድንገት ውግት ካደረጋትና ካልለቀቃት፣ ወይም ቁመቷ ያጠረ ከመሰላት፣ ሐኪም ይያት። ጥቂት ሴቶች በዚህ ጊዜ አከርካሪያቸው ይሰበራል፣ ብርቅ ቢሆንም አለ። ለአባወራው ይህንኑ ነግሬ፣ ቆርቆሮውን ወደ መደርደሪያው መልሼ ሸኘኋቸው።

አንድ ነገር ብቻ። ልጁን ቅባት ቀብታችሁ የጠዋት ፀሐይ ታሞቁታላችሁ፣ እናትየውን «ምች ይመታታል» ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ በጋቢ ትጠቀልላላችሁ። ቫይታሚን ዲ ለእሷስ ከየት ይምጣላት፣ ከገንፎው? አራስ ስትጠይቁ እንቁላልና ወተት ያዙላት፣ ልጁን ተቀበሏትና በረንዳ አውጧት። ምች ምናምን ብሎ ኮሜንት ለሚያደርግ አልመልስም፣ ደክሞኛል።