ቅርንፉድ በአንገት፣ ቅርንፉድ በጠርሙስ

በእናቶቻችን ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሽቶ የሚገዛው ከቅመም ተራ ነበር። ቅርንፉዱ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲለሰልስ በመርፌ ተወግቶ በክር ይሰካል፤ መሃል መሃሉ ላይ ዶቃ ይገባበትና ድሪ ይሆናል። አንገት ላይ እንደዋለ እምብዛም አይሸትም። ሰውነት ሲያሞቀው፣ በተለይ እስክስታው ሲግል፣ ያኔ መዓዛው ይነሣል። ፀጉር ላይ ደግሞ አደስና ቅርንፉድ ተወቅጦ የገባበት ለጋ ቅቤ አለ። ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በላይ ባለ ብርድ አገር ቅቤው ከፀሐይም ከነፋስም ይከላከላል፤ ጠረኑ ምርቃት ነው።

የሚገርመው፣ ቅርንፉድ የእኛ ምድር ቡቃያ አይደለም። የትውልድ አገሩ የኢንዶኔዥያ ሞሉካ ደሴቶች ናቸው፤ ለእኛ በሚቀርበው ዛንዚባር እንኳ የተተከለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን ከእናርያ የሚመጣው የጥርኝ ዝባድ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃሙ ባሶ ገበያ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የእኛ ጥርኝ ለሩቅ አገር ሰው ሽቶ ሲሆን፣ የሩቅ ደሴት እምቡጥ ለጎጃም ሙሽራ ጌጥ ሆነ።

አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ በር ላይ «ሽቶ ተቀብተው አይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቆዳ ሊያስቆጡ ይችላሉ ያላቸውን 26 መዓዛዎች መጠናቸው ከተወሰነው ካለፈ አምራቾች በእሽጉ ላይ በየስማቸው እንዲጽፏቸው አዟል። ኢዩጂኖል አንዱ ነው፤ የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍል እሱ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ጠረንም እንዲሁ።

በማስታወቂያው አልከፋም። እኛ አገር ጭፈራው ዳስ ውስጥ ነው፣ ነፋሱ ይወስደዋል። እዚህ በክረምት መስኮት አይከፈትም፤ የአንዱ ጠረን በማሞቂያው ቱቦ ዞሮ አስም ያለበት ሰው አልጋ ድረስ ይደርሳል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ውጭ የቅርንፉድ ድሪዬን አስሬ ያገኘችኝ ባልደረባዬ «ኬክ ጋግረሽ ነው?» አለችኝ። እነሱ ዘንድ ቅርንፉድ የገና ኬክና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። እሷ ግን ልደቷ ሲደርስ ኦፒየም ትገዛለች! ኢቭ ሳን ሎራን በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚህ ሽቶ ውስጥ ቅርንፉድም ከርቤም አለበት። በጠርሙስ ሲሆን ምስጢራዊ ምሥራቅ፣ በክር ሲሆን ማድ ቤት።

በሐበሻ ሠርግ አስረዋለሁ፤ አዳራሹ ሰፊ ነው፣ አክስቶቻችንም ቀረብ ብለው አንገቴን ያሸታሉ። ቅርንፉዱን የምገዛው ከህንድ ሱቅ ነው። ስትገዙ ራሱን በጥፍር ጫን በሉት፤ ዘይት ካላወጣ ለወጥ እንጂ ለአንገት አይሆንም።