ሥላሴ፣ ሚካኤልና አራቱ ክፍያዎች

ጥር 7 ሥላሴ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለሚኖረው የኡበር ሹፌር ግን ቀኑ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 15 ላይ ይውላል፤ የግምት ግብሩን አራተኛ ክፍያ የሚያስገባበት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ የሚገባበትን ኤፕሪል 15ን በእኛ አቆጣጠር ብትመልሱት ሚያዝያ 7 ነው፤ እሱም ሥላሴ። ሁለተኛው፣ ጁን 15፣ የሰኔ ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው ይደርሳል። ሦስተኛው፣ ሴፕቴምበር 15፣ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ በግ የወጣው ገንዘብ ገና ከሐሳብ ሳይጠፋ ከተፍ ይላል። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ የእኛን በዓላት አያውቅም፤ ግን ዙሪያቸውን ይዞራል።

ክፍያው የሩብ ዓመት ይባላል እንጂ ሩቦቹ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ሦስት ወር፣ ሁለተኛው ሁለት ወር፣ ሦስተኛው ሦስት ወር፣ የመጨረሻው አራት ወር ይሸፍናል። ኤፕሪል ላይ ከፍሎ እፎይ ያለ ሰው ጁን ላይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ሆቴል ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግብሩን በዓይኑ አያየውም፤ ቼኩ እጁ የሚገባው ተቆርጦለት ነው። በራሱ መኪና የሚሠራው ግን አሠሪም ሠራተኛም እሱው ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር አሠሪ የሚያዋጣውን 7.65 በመቶና ሠራተኛ የሚያዋጣውን 7.65 በመቶ ደርቦ፣ 15.3 በመቶ ይከፍላል። የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። ችግሩ ገንዘቡ አስቀድሞ ኪስ ውስጥ ማደሩ ላይ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያደረ ገንዘብ የራስ ይመስላል።

እቁብ እየጣለ ላደገ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእቁብ ብር ከአስቤዛ በፊት ይነሳል እንጂ ከተረፈው አይጣልም። የሳምንቱ ገቢ እንደገባ ድርሻውን ወደ ሌላ ሒሳብ የሚያዛውር ሹፌር ያንኑ ነው የሚያደርገው። ብቻ የዚህኛው እቁብ ዕጣ ሁልጊዜ ለዳኛው ነው የሚወጣው።

ዕዳውን የሚያቀለው ትልቁ ነገር ማይል የሚመዘገብባት ትንሽ ደብተር ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ያስቀንሳል። ሰው ደለስ አየር ማረፊያ አድርሶ፣ ስልኩን ከፍቶ ሌላ ጥሪ እየጠበቀ የሚመለስ መኪና ለተመልካች ባዶ ነው፤ ለሒሳቡ ግን በዚያ ተመን 30 ማይሉ 21 ዶላር ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተሄደበት አይቆጠርም። ደግሞም ኤፕሪል ላይ ተቀምጠው ከትዝታ የጻፉት ማይል ያስታውቃል፤ ሁሉም በዜሮ ያልቃል። የእውነት መንገድ እንዲህ ተስተካክሎ አያውቅም።

ዓመቱ ሲያልቅ የሚደርሰው 1099-ኬ የተባለው ቅጽም በጥሞና መነበብ አለበት። የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ነው። ድርጅቱ ያስቀረውን ኮሚሽን ወጪ ብሎ ያልቀነሰ ሹፌር ላልጨበጠው ዶላር ግብር ይከፍላል።

ሁሉ ተደርጎም ኤፕሪል ላይ ገንዘብ ያጠረው ሰው አለ። የእኛ ሰው ዕዳ ሲይዘው ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ ቅጽም ሳያስገባ ይቀራል። ቀን ይጨመርልኝ ብሎ የጠየቀ እስከ ኦክቶበር 15 ያገኛል፤ ግን ጊዜ የሚሰጠው ለወረቀቱ እንጂ ለገንዘቡ አይደለም። ቅጹን አስገብቶ ያልከፈለ ሰው ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር በወር ግማሽ በመቶ ነው፤ ወለድ ቢኖርበትም በየወሩ እየከፈለ ለመጨረስ መስማማት ይችላል። ቅጹን ሳያስገባ ዝም ያለው ግን በወር አምስት በመቶ ይቀጣል። አገር ቤት ዝምታ ወርቅ ነው እንባባል ነበር፤ እዚህ ከማጣት አሥር እጥፍ ያስከፍላል።