በከሚሴ በኩል የሚያልፍ ድንጋይ

ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ላይ የማይቀሩ ጥያቄዎች ነበሩ። ዳሎል? ፖታሽ። ቀንጢቻ? ታንታለም። ለገደምቢ? ወርቅ። ሸምድደን፣ ፊደሉን መርጠን አለፍን። ከምርጫዎቹ ውስጥ ከሚሴ ኖራ አታውቅም። የኛ ሀብት ቦርከናና የጨፋ ሜዳ ነው፤ በጋ ሲሆን ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብት ሣርና ውሃ ፍለጋ የሚመጣበት። ይሄን ግን "የተፈጥሮ ሀብት" ብሎ የጠየቀን የለም።

ሌላው ያለን ነገር መንገድ ነው። የአዲስ አበባ-ደሴ አስፋልት ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ወታደሩም፣ እህሉም፣ ጫቱም በዚያው ነው። በ2014 ጦርነቱም ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ በዚያው እኛ ጋ ደርሷል። የወሎ ኦፓልም እንደዚሁ፤ ከወገል ጤና ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በእኛ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና አዲስ አበባ። አንዳንዱ በካርቶን፣ አንዳንዱ በተሳፋሪ ኪስ። ሹፌሩ ሻይ ሲል እኛ ሻይ እንሸጥለታለን። ከማዕድን ኢኮኖሚው የከሚሴ ድርሻ ለረጅም ጊዜ ይሄው ነበር።

የአክስቴ ልጅ ግን ሻይ መሸጥ አልበቃውም። ከደሴ ድንጋይ እየገዛ አዲስ አበባ ላሉ ደላሎች ማቅረብ ጀመረ። ደላላው ግማሽ ቀን ያስቀምጠውና በሞባይል መብራት አይቶ "ይሄ እንኳን ዋጋ የለውም" ይለዋል፤ ከዚያ ይገዛዋል። (ዋጋ ከሌለው ለምን ትገዛዋለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።) አንድ ቀን ደውሎ "አንተ ለሰው ሁሉ ዌብሳይት ትሠራ የለ? ለኔም ሥራልኛ! በቀጥታ ለፈረንጅ ልሽጥ" አለኝ።

"አብሽር" አልኩት።

መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ማንበብ ነበረብኝ። ወገል ጤና አጠገብ ኦፓል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የከመረው ድንጋይ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል፤ ኦፓል ያለበት ንብርብር ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እሱም ብቅ የሚለው ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ተራራው ሆድ ይቆፍራሉ፤ በእጅ መሣሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት እንኳ ሳይኖር። በ2016 አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ውስጥ ቀርተዋል።

ድንጋዩ ደግሞ ጠባዩ ለየት ይላል። በውስጡ የምታየው ቀይና አረንጓዴ ቀለም አይደለም፤ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃኑን ሲበታትኑት ነው። የወገል ጤናው ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውስጥ ብትከተው መስታወት መስሎ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱም ይጨምራል። በግራም ለሚሸጥ ነገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የውጭ ገዢ የኢትዮጵያን ኦፓል የሚጠራጠረው በከንቱ አይደለም። በድረ ገጹ ላይ ደረቅ ክብደትና የደረቀበትን ጊዜ የሚያሳይ ሣጥን የጨመርኩት ለዚህ ነው፤ ከኮዱ ሁሉ የምወደው እሷን ነች።

ኮዱ በሁለት ቅዳሜና እሁድ አለቀ። ክፍያው ግን አላለቀም። የሞከርኩት የውጭ ክፍያ አገልግሎት የአገር ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፣ ፎርሙ እዚያው ይቆማል። የከበረ ድንጋይ ወደ ውጭ ለመላክም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ያለው ዓይነት ካፒታል አይበቃም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሠራነው አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች የሚታይ ካታሎግ ሆነ። ደላላው ግን አሁን ፎቶውን ቀድሞ ያያል፣ ግማሽ ቀን አያስቀምጠውም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ማዕድኑ ግን የሚሄደው ዋጋው ወደሚሻልበት ነው። ወርቁን ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ነበር። ወርቁን ለብሔራዊ ባንክ የሚሸጥ ሰው ከዋጋው ከፊሉን እንደመተው ነበር የሚሆንበት፤ ስለዚህ ወርቁ በድንበር ወጣ። ልዩነቱ ሲጠብ በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ቡናን በለጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ምድሪቱ አዲስ ወርቅ አላበቀለችም፤ ሲወጣ የኖረው ነው በደረሰኝ መውጣት የጀመረው። "ኢትዮጵያ ሀብታም ናት" የሚለውን ዘፈን ስሰማ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

ብዙ ጊዜ እንደ ምሳሌ የምትነሳው ቦትስዋና ናት። ደ ቢርስ የአልማዝ ሽያጩን ከለንደን ወደ ጋቦሮኔ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ መንግሥት ውል ሲታደስ አጥብቆ ስለተደራደረ። አሁን ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አልማዝ ገበያዋን እያናጋው ነው። እኔ ግን ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ጃይፑር ይመስለኛል። የወሎ ጥሬ ኦፓል ብዙው የሚቆረጠውና የሚወለወለው እዚያ ሕንድ ከተማ ነው፤ ጃይፑር የራሷ ኦፓል ሳይሆን የወንበርና የእጅ ሙያ ነው ያላት።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ትርፉ ስላነሰው ደላንታ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር ሊቆፍር። እናቱ አለቀሰች። እኔም ስለተደረመሰው ዋሻ ነገርኩት፣ ያውቃል። "ቢሮ ቁጭ ብለህ ደመወዝ እየበላህ ለኔ ዋሻ ታወራለህ" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ በስንት ብር እንደሚቀጠር ብቻ አሰላን። ለመቆፈሪያ ያጠራቀማትን ገንዘብና ከእኔ የተጨመረችውን ስንደምር ያገለገለች መቁረጫና መወልወያ ማሽን ትገዛለች። ሦስት ሳምንት አሰበበት።

ማሽኗ አሁን ከሚሴ፣ አክስቴ ማድ ቤት አጠገብ ናት። መብራት ሲኖር ይወለውላል። የመጀመሪያዎቹን አራት ድንጋዮች ሰነጠቃቸው፣ አምስተኛው ወጣ። ትናንት የአልማዝ ብናኝ ያለበት ዲስክ አልቆበት እንድፈልግለት ላከብኝ። አዲስ አበባ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። ሦስተኛው ባለሱቅ "አለ፣ ግን ቀድመህ ታዝዛለህ፤ ከጃይፑር ነው የሚመጣው" አለኝ።