የስዊፍቷን ቤት ማን ደፈነው?

ዛሬ የእንግሊዟ ፖርትላንድ ነበርኩ። እዚያ ባሕሩ ጫፍ ላይ፣ የድሮው መብራት ቤት፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወፍ መከታተያ ጣቢያ የሆነው። የደረስኩት ሌሊቱን ሲበራ ያደረውን የእሳት እራት ማጥመጃ የጣቢያው ሰዎች ሲከፍቱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን ይደረደራል፤ የእሳት እራቶቹም ሥሩ ተሸጉጠው ያድራሉ። አንዱን ካርቶን ሲገለብጡት ሲልቨር ዋይ የምትባለው የእሳት እራት ቁጭ ብላለች። ግራጫ ክንፏ ላይ Y የሚመስል የብር ምልክት አለ፤ ለመብረር ስትዘጋጅ ክንፏ ይንቀጠቀጣል። መዝግበው ወደ ቁጥቋጦው ለቀቋት። «መልካም መንገድ እህቴ!» አልኳት ጮክ ብዬ። ፈረንጆቹ ዞር ብለው አዩኝ፤ ይዩኝ!

ይቺ ናት እንግዲህ ባሕር የምታቋርጠው። ተመራማሪዎች በራዳር ተከታትለዋታል፤ በሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ከፍ ብላ፣ የሚስማማትን ነፋስ መርጣ ትጓዛለች። በግንቦት በሰኔ ከደቡብ መጥታ እዚህ ትራባለች። ሲበርድ ወደ ደቡብ የሚመለሱት ልጆቿ ናቸው። አገሩን አይተውት አያውቁም፣ አቅጣጫውን ግን አይስቱም። ሆዴን በላው። እዚህ በሰው አገር የወለዳችሁ ይገባችኋል።

ቀና ስል ደግሞ ስዊፍት የሚባሉት ወፎች ከባሕሩ በላይ ወደ ደቡብ ይነጉዳሉ። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ባወጣው ጥናት አንዳንዶቹ 10 ወር ሙሉ መሬት ሳይነኩ እንደሚቆዩ ታይቷል።

ንዴቴ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። በብርዱ ወራት የምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ሲታደስ ክፈፉ ሥር የነበረው ክፍተት ሁሉ ተደፈነ። ስዊፍት በየዓመቱ የምትመለሰው ወደዚያው ወደ አሮጌ ጎጆዋ ነው። ግንቦት ላይ መጥተው የተደፈነውን ግድግዳ በደረታቸው እየመቱ፣ ለአፍታ ተንጠልጥለው እንደገና ሲሞክሩ ቆሜ አየሁ። ለሕንፃው አስተዳደር ጻፍኩ፤ «ሕግ አልጣስንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የ1981ዱ የብሪታንያ የዱር እንስሳት ሕግ የሚከለክለው ጎጆው አገልግሎት ላይ እያለ ወይም ሲሠራ ማፍረስን ነው። ወፏ ኮንጎ ሄዳ ሳለ ቤቷን ቢደፍኑባት ጠያቂ የለም። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በብሪታንያ ቁጥራቸው ከ1995 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በ2021 በጣም አሳሳቢ የሆኑ ወፎች በሚሰፍሩበት ቀይ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፦ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ፣ ጎጆ እንዲሆናቸው መሀሉ ክፍት የሆነ ጡብ። ብራይተን ከ2020 ጀምሮ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ላላቸው አዲስ ሕንፃዎች ግዴታ አድርጎታል። ሌላው ከተማ ምን ይጠብቃል?

እባካችሁ፣ ሰፈራችሁ ስካፎልዲንግ ሲቆም ካያችሁ ዝም አትበሉ። ስዊፍቶቹ የት የት እንደሚገቡ ፎቶ አንሱና ለአሠሪው ጻፉ። ዛሬ ነገ ሳትሉ፣ ወፎቹ ሳይሄዱ።