ለልጆች ስለሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ አየር ጤና በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የፈጸሙ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር አልተዉም። ሴት ልጃቸው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ስለምትኖር፣ የልጅ ልጃቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና በእርሳቸው እጅ ታድጋለች። ነገር ግን የመሄጃዋ ወረቀት ስላለቀ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወደ እናትዋ መሄድዋ ነው። እናቲቱም ልጅዋ የምትሄድበትን አገር አስቀድማ እንድታውቅ ብላ፣ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ለልጆች የተጻፉ፣ ሥዕል ያለባቸው ሰባት ትንንሽ መጻሕፍት በመንገደኛ እጅ ላከችላት።

ከእራት በኋላ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡላት ጀመር። መጀመሪያ የመጣው የአብርሃም ሊንከን ታሪክ ነው። ሊንከን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 በኬንታኪ፣ በግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ፤ በትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ለብቻው ተማረ። ልጅቱም ይህን ሰምታ፣ «እንደ ካሣ ነዋ! እናቱ ኮሶ ሸጠች ተብሎ እንደ ተሰደበው» አለች። ዐፄ ቴዎድሮስን ማለትዋ ነበር። ሽማግሌው በዚህ እጅግ ደስ አላቸው፤ ለጎረቤትም አወሩት።

ችግር የመጣው በጆርጅ ዋሽንግተን ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ዋሽንግተን በስድስት ዓመቱ መጥረቢያ ተሰጠውና አባቱ የሚወደውን ቼሪ የሚባለውን የፍሬ ዛፍ ቆረጠ፤ አባቱም በጠየቀው ጊዜ መዋሸት አልችልም ብሎ ጥፋቱን ተናገረ፤ አባትዮውም ከመቅጣት ይልቅ አቅፎ ሳመው። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፣ «አባባ፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ከነበሩ፣ ይህን ማን ሰምቶ ጻፈው?» አለቻቸው።

መምህር የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በማግሥቱ ለትልልቆች የተጻፈ መጽሐፍ ፈልገው መረመሩ። ታሪኩን የጻፈው ሜሰን ሎክ ዊምስ የሚባል፣ ክህነት ያለው፣ መጻሕፍትንም እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነው። ዋሽንግተን በ1799 ሞተ፤ የዊምስ መጽሐፍ በ1800 ታተመ፤ የዛፉ ነገር ግን የገባው መጽሐፉ ለአምስተኛ ጊዜ በ1806 ሲታተም ነው። ዊምስ ነገሩን ከአንዲት አሮጊት ሰማሁ ከማለት በቀር ሌላ ምስክር አላመጣም፤ የታሪክ ሰዎችም እንደ ፈጠራ ይቈጥሩታል። እንግዲህ አንድ ካህን ልጆችን ሐሰት እንዳይናገሩ ለማስተማር ሲል ሐሰት ጻፈ ማለት ነው። ለሳቅም ለኀዘንም የሚሆን ነገር ነው።

ሊንከን ራሱ በልጅነቱ ይህን የዊምስን መጽሐፍ አንብቦ ነበር። በ1861 ፕሬዚዳንት ሊሆን ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሲጓዝ፣ በኒው ጀርሲ ሸንጎ ፊት ቆሞ ይህን ተናገረ። ነገር ግን ከመጽሐፉ በልቡ ቀርቶ የተገኘው የዛፉ ነገር አልነበረም፤ ወታደሮቹ ወንዙን መሻገራቸውን፣ ከተቀጠሩት የጀርመን ወታደሮች ጋር መዋጋታቸውንና የተቀበሉትን መከራ ነው ያነሣው። ልጅ ከሚነበብለት ውስጥ የሚይዘው ሁልጊዜ ጸሓፊው ያሰበለትን አይደለም።

ደግሞም የተጨመረው ብቻ ሳይሆን የተቀነሰውም አለ። በስድስት ዓመቱ ዛፍ ቆረጠ የተባለው ልጅ፣ በዐሥራ አንድ ዓመቱ አባቱ ሲሞት ዐሥር ባሮች ወረሰ፤ ይህኛው በመዝገብ የተገኘ እውነት ነው። በሞተ ጊዜ በማውንት ቨርነን ርስቱ ላይ 317 ባሮች ነበሩ፤ የራሱ ገንዘብ የሆኑት 123 ናቸው፤ እነዚህንም ሚስቱ ካለፈች በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዝዞአል። በ2016 በአሜሪካ፣ ለዋሽንግተን ልደት እንጀራ ቤቱን ደስ ብሎት ኬክ ሲጋግር የሚያሳይ የልጆች መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። የወጥ ቤቱ ስም ሄርኩለስ ሲሆን ባሪያ ነበር፤ ያመለጠውም ልክ በጌታው ልደት ቀን፣ በየካቲት ወር 1797 ነው። ብዙ ሰው ስለ ተቈጣ አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው።

ስለዚህ በአሜሪካኖች ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። በእኛም አገር የባሪያ ንግድን የሚከለክል ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ለልጆች ከሚነገረው የነገሥታት ታሪክ ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ ይነሣል? ሽማግሌውም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ለልጆቹ ሲያስተምሩ የኮሶውን ስድብና የመቅደላውን ሞት እንጂ፣ በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መዘረፋቸውንና መቃጠላቸውን አንሥተው እንደማያውቁ ትዝ አላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ዳዊት በኦርዮ ላይ ያደረገውን አይደብቅም፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር የኦርዮን ሚስት አልዘለላትም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ብለውታል። ሽማግሌው ይህን ስም ከወጣትነታቸው ጀምረው ይወዱት ነበርና፣ የልጅቱ ጕዞ እንደ ተቈረጠ ሰምተው አንድ ደብተር ገዝተው የአባታቸውን ታሪክ ጽፈው ነበር። ደብተሩን በሻንጣዋ ውስጥ ሊያስቀምጡላት አስበዋል። ከማውንት ቨርነን ብዙ በማይርቅ ከተማ ልትኖር ነውና፣ የሌላውን አባት ታሪክ በየቀኑ ስትሰማ የራስዋን እንዳታጣ።

በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ፣ ጠላት በገባ ጊዜ አባታቸው አርበኛ ሆነው ጫካ እንደ ወረዱ ተጽፎአል። ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ጣልያን ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ ድንጋይ እየተሸከሙ በቀን ሂሳብ አድረዋል። ይህን ለልጃቸው የነገሩት ካረጁ በኋላ ነው፤ አንድ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመንገዱ ዳር ቆመው፣ በከዘራቸው ወደ መሬት እያመለከቱ፣ «ይህን በትከሻዬ ነው ያመጣሁት፤ ልጆች ነበሩኝ» ብለው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። ሽማግሌው ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለሚስታቸውም ቢሆን።

ዊምስን ከመረመሩ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በአራተኛው ቀን ልጅቱን ከፊታቸው አስቀምጠው ደብተሩንና እርሳሱን ሰጥዋት፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣልና እርስዋ እንድትጽፍ ነገርዋት። እርስዋም ፊደልዋን እያሳመረች ጻፈች፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ «በቀን ስንት ይከፍሏቸው ነበር?» አለች።

«አልነገሩኝም፣ የኔ እናት።»

«እንግዲያስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንደ ነገርሁሽ፤ አልነገሩኝም ብለሽ ጻፊ» አሉ። እርስዋም ጻፈችና፣ ድንጋዩ በየት በኩል እንደ ሆነ እንዲያሳይዋት ጠየቀች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው ከዘራቸውን አነሡ፤ ገና አልመሸም ነበር።