«ጭቃ ነው እኮ!»

ያደግሁት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። በዓል ሲቃረብ አባቴ ጭቃ በጭድ አቡክቶ ግድግዳውን ይመርግ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ጭቃውን እንረግጣለን። ያ ቤት ለልማት ሲፈርስ የመጣው ሰውዬ «ጭቃ ነው እኮ!» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልሱን ያገኘሁት እንግሊዝ አገር፣ ብሬትፎርተን በምትባል መንደር ነው። እዚያ ያለው «ፍሊስ ኢን» የተባለ መጠጥ ቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ ቤት ሆኖ የተሠራ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው የኦክ እንጨት ቋሚና አግዳሚ ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በእንጨቶቹ መሃል ያለውን ክፍት በምን ይሞሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? በቀጭን እንጨት ጠልፈው፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር አቡክተው ይመርጉታል። የአባቴ ሙያ!

እ.ኤ.አ. በ1977 ባለቤቷ ሲሞቱ ቤቱን ለቅርስ ጠባቂው ናሽናል ትረስት ተናዘዙት። በ2004 የሣር ጣሪያው ተቃጠለ። ማንም «አሮጌ ነው፣ ይፍረስ» አላለም። ተጠግኖ በ2005 ተከፈተ።

ወገኖቼ፣ የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት ይናፍቀኛል አልልም። የሚፈርስ ይፍረስ። ግን ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ይየው፣ ይለካው፣ ይመዝግበው። ጭቃ ስድስት መቶ ዓመት ይቆያል፤ የሚያስፈልገው መራጊ ብቻ ነው።