«ደህና ነኝ» ብትሉት የማያምን

እስኪ ዛሬ ስለ ፈረስ እንጫወት። ስለ ጉግሡ አይደለም፣ ስለ ጋሪውም አይደለም፤ ሐዘን የበላው ሰው ፈረስ አጠገብ ሲቆም ስለሚሆነው ነገር ነው።

ለእኛ ፈረስና ሐዘን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ድሮ ጀግና ወይም ባላባት ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ከሟቹ ጋሻና ጦር ጋር ለቅሶው መሐል ይወጣ ነበር። ያን ባዶ ኮርቻ አይቶ እንባውን የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ሰውየው በሕይወት ሳለም ቢሆን በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ለቅሶ ላይ ፈረሱን ማምጣት ማለት እንግዲህ የሰውየውን ግማሽ ማምጣት ነበር።

ለቅሶ እናውቅበታለን። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በየተራ ይወጣል። የእኔ ሐሳብ ያለው ከድንኳኑ መነቀል በኋላ ነው። ያኔ እናቲቱን «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሌሊቱን ዓይኗ እንዳልተከደነ ማን ያውቃል? ጎረቤትም መልሷን ተቀብሎ ያልፋል። ፈረስ ግን አይቀበላትም።

ምክንያቱ ተፈጥሮው ነው። ፈረስ በአውሬ የሚታደን እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ሆነው ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያሉ፤ የሚሰወርበት ቀጥታ ከኋላውና አፍንጫው ሥር ያለው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በሕይወት የቆየው የጓደኞቹን አካል እያነበበ ነው፤ የአንዷ አንገት ሲገተር መንጋው ሁሉ ይነቃል። ስለዚህ ትከሻው የደረቀ፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሲቀርበው አፉ የሚናገረውን ትቶ አካሉን ነው የሚያዳምጠው። እንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት 28 ፈረሶችን የማያውቁትን ሰው ፎቶ አሳይተዋቸው ነበር። የተቆጣው ፊት ሲቀርብላቸው የልብ ምታቸው ቶሎ ፈጠነ።

አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ይህን ጠባይ ለሕክምና አዋሉት። ከጦር ሜዳ ተመልሰው ጦርነቱ ከውስጣቸው አልወጣ ያላቸውን 63 የቀድሞ ወታደሮች በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ8 ሳምንታት ከፈረስ ጋር አገናኟቸው። ማንም ፈረሱ ላይ አልወጣም። መጀመሪያ ከሩቅ ማየት፣ ከዚያ መቦረሽ፣ ከዚያ በገመድ መምራት፤ ይኸው ነው ሥራው። አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና አንድ ፈረስ አዋቂ ሁልጊዜ አብረዋቸው ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም ብዙዎቹ የጦርነቱ ጭንቀትና ድብርት ቀለል ብሎላቸው ተገኘ። ጥናቱ ያለ ፈረስ የታከሙ ሰዎችን ለማነጻጸሪያ አላካተተምና መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚል ትርጉም የለውም። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት እዚህም ይሠራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የገመዱ ነገር ነው። ገመዱን በንዴት ከጎተታችሁት ፈረሱ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ ከእናንተ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ፍጡር በጉልበት አይወሰድም። ትንፋሻችሁን ለቃችሁ፣ ትከሻችሁን አውርዳችሁ፣ ወደፊት እያያችሁ ስትራመዱ ግን ይከተላችኋል። ለወራት «ተረጋጋ» እየተባለ ያልተረጋጋ የተጎዳ ሰው እዚህ ሳይታዘዝ ይረጋጋል፤ ፈረሱ እንዲመጣለት ይፈልጋላ!

ደግሞ ፈረስ ራሱ ደንጋጣ ነው። ነፋስ ያነሣው ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጆሮው ይቆማል፣ ዘሎ ይሸሻል። ጥቂት ርቆ ይቆምና ዞሮ ያያል፣ በአፍንጫው ያናፋል፣ ገላውን ያራግፋል፣ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ ሣሩን ይግጣል። በር በኃይል ሲዘጋ ጥይት የተተኮሰ የሚመስለው ሰው ይህን ሲያይ የራሱን ድንጋጤ ነው የሚያየው። ልዩነቱ እሱ ከሸሸበት አልተመለሰም፤ ፈረሱ ግን ተመልሷል። እንዴት እንደሚመለስ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይችላል። ስለ መረጋጋት ብዙ ተጽፏል፤ እንደዚህ በዓይን የሚታይ ትምህርት ግን እኔ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሐሳቤ ያለው እዚሁ አገራችን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ስንቱ ቤት ሐዘን ተቀመጠ፣ ስንቱ ወጣት ሌሊት እየባነነ ይነሣል። አዊ ላይ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። እነዚህ ሰዎች ፈረስን ከልጅነታቸው ያውቁታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቻችን ሄደው ቢያማክሯቸው ምናለ እላለሁ። ጀርባው በቆሰለ፣ በተራበ ፈረስ ግን አይሞከር፤ ሕመም ላይ ያለ ፈረስ ሰው ሲጠጋው የሚመጣበት የሚቀጥለው ጭነት ነው። ለመጀመር ኮርቻ እንኳ አያስፈልግም፤ የታጠረ ሜዳ፣ ሁለት ጭምት ፈረሶች፣ ፈረሱን የሚያውቅ አንድ ሰውና የሰውን ቁስል የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ይበቃሉ።